መርዶን የተማርኩበት ዓርብ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢያችን፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ማታ ስለነበር፣ ሰዉ ሁሉ ምንጣፉንና ፍራሹን እየጎተተ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ያኔ መብራትም እንደ ልቡ የሚሄድና የሚመለስ ስለሆነ፣ ጨለማ ሲወርድ ግቢው አንድ ትልቅ ክፍል ይሆናል፣ የእነ እገሌ ደጃፍ የሚባል ነገር ይቀራል። መሐል ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አባባ ደምሴ በርጩማቸውን ያስቀምጡና ፋኖሳቸውን ይለኩሳሉ። እኛ ልጆች ያንን ብርሃን ካየን እራታችንን በወጉ አንጨርስም ነበር።

አባባ ደምሴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ባቡር ነድተው ግን አያውቁም። ሥራቸው ጣቢያ ተቀምጦ ስልክ መቀበል ነበር፤ ባቡር ከወዲያኛው ጣቢያ ሲነሳ መልእክቱ ለእርሳቸው ይነገራል፣ እርሳቸውም የሰሙትን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ለነገራቸው ሰው መልሰው ይደግሙለታል፣ «ተሟልቷል፣ ይለፍ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ግማሽ መልእክት ባቡር ያጋጫል ይሉን ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከሥራው የተረፋቸው ይህ አመልና ያ ፋኖስ ነው፤ ፋኖሱ በውስጡ የሚሽከረከር ቀይና አረንጓዴ መስታወት ነበረው። ቁጡም ነበሩ። የድሬ ልጅ አንቱ ማለት አይሆንለትም፣ እኛም «አንተ» ነበር የምንላቸው፤ እናቴ የደጋ ሰው ስለሆነች በዚህ ስትሸማቀቅ ኖራለች፣ እርሳቸው ግን የሚቆጡት በጎደለ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ጨዋታችን እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቀን የሰማውን፣ ትርጉሙን የማያውቀውን አንድ ቃል ይዞ ይመጣል። ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ ማን እንደተናገረው፣ ለማን፣ የት፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ መቅረብ አለበት። ከተሟላ አባባ ደምሴ ፋኖሱን ወደ አረንጓዴ ያዞሩና «ተሟልቷል፣ ይለፍ» ይላሉ፤ ከዚያ ቃሉ የሚኖርበትን ተረት ይነግሩናል። ከጎደለ ቀዩ ይበራል፣ ልጁም ወደ ጭሱ ይሄዳል። ለወባ ትንኝ ተብሎ ፍም ላይ የኒም ቅጠል ይጣል ስለነበር፣ ነፋሱ ጭሱን በሚነዳበት በኩል ተቀምጦ፣ ዓይንን እያሹ ተረቱን መስማት የሰነፍ ዕጣ ነው። የዕለቱን ምርጥ ቃል ያመጣ ደግሞ ከፋኖሱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲያልቅም ፋኖሱን አንጠልጥሎ እስከ አባባ ደምሴ ደጃፍ ያደርሳል። ዛሬ ሳስበው ሰባት እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ያኔ ግን ለዚያች ሰባት እርምጃ ስል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ተረቶቻቸው ማንንም አይምሩም። «ጡር» የሚለውን ቃል ያመጣሁ ቀን የነገሩንን እስካሁን አልረሳሁትም። ያረጀች አህያውን ሲደበድብ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ሲጮህ የምትሰማው አህያዋ ብቻ ናት። አህያዋ እስከ ጉድጓዱ አፍ መጥታ ቁልቁል አየችው፣ ከዚያ ዞር ብላ ሣሯን መጋጥ ጀመረች።

«ከዚያስ?» አልን።

«ከዚያማ ሣሩ አለቀ» አሉ።

ጡር ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ቢፍቱ እስክትመጣ ድረስ ከፋኖሱ አጠገብ የምቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ቢፍቱ እኩያዬ ናት፤ ከእናቷ ከብርቄ ጋር የግቢውን የመጨረሻ ክፍል ተከራይተው ገቡ። አባቷ ሁርሶ ጦር ካምፕ ወጥ ቤት የሚሠራ ወታደር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሩቅ ቦታ ተዛውሮ፣ በዚህ ወር ይመጣል፣ በሚቀጥለው ይመጣል እየተባለ የሚጠበቅ ሰው ነው። ብርቄ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ የቢፍቱ አማርኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ እኔም ይህን እያነሳሁ ልጆቹን ሳላስቅባት የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ ጎን ስለምትቀመጥ የቀፊራ ቃል ሁሉ ወደ ጆሮዋ ይገባል። በመጣች በሁለተኛው ቀን ተነስታ «አሻጥር» አለች። «አንዱ ባለጋሪ ለበርበሬ ሻጩ፣ ቀፊራ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ ‹ይሄን አሻጥርህን ለማያውቅህ› አለው።»

«እንዲህ ነው እንጂ መልእክት» አሉ አባባ ደምሴ፣ ፋኖሱን ወደ አረንጓዴ እያዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጭስ ውስጥ ነኝ።

ገበያ የሚወስደኝ ስላልነበረ ቃል የምለቅመው ከቴሌቪዥን ነበር። አንድ ማታ «ንቅናቄ» ብዬ ተነሳሁ።

«ማን ተናገረው?»

«ቴሌቪዥን።»

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም የተባለ ለማንም አልተባለም። ሂጂ ጭሱ ውስጥ።»

ልጆቹ ሳቁ። ቢፍቱ አልሳቀችም፣ ይህ ደግሞ ከሳቁት በላይ አንገበገበኝ። ይባስ ብላ በማግስቱ ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ ጠጋ አለችኝና፣ «አቦ ሰናይት፣ አንድ ቃል ላንቺ አስቀርቻለሁ፤ ማታ ‹እኔ ነኝ የሰማሁት› በይ» አለችኝ።

«የሽንኩርት ሻጭ ቃል አልፈልግም» አልኳት።

ጄሪካኗን አነሳችና ሄደች። ማታ ያንን ቃል አላመጣችውም፣ ምን እንደነበረም እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሊቀመንበርና አባባ ደምሴ እኛ ቤት መጡ። እናቴ «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ፤ እኔ ግን ከአልጋው በኩል ባለው መጋረጃ ጀርባ ቀረሁ። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የብርቄ ባል መርዶ እሑድ ሲነጋጋ ይነገራታል፤ እስከዚያ ከዚህ ግቢ ቃል እንዳይወጣ» አሉ። ወባ ነው፣ ሳምንትም አላስተኛው ሲሉ ሰማሁ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ያቺን ሕፃንስ ማን ይይዛታል?» አለች።

«እኔ እይዛታለሁ» አሉ አባባ ደምሴ።

መርዶ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ ከቤታችን ሰው አልሞተም፤ የሩቅ ዘመድ ሲሞትም ልጅ እንዳይሰማ ተብሎ ትልልቆቹ በዓይን ነበር የሚነጋገሩት። ይህ እውነት ነው፣ ግን እውነቱ ይህ ብቻ አይደለም። ቃሉን ባላውቀውም እንደሚያም አውቄያለሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን የሚቀንሱለት ነገር ደስታ እንዳልሆነ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያውቃል። «ወባ» ሲባልም ሰምቻለሁ፣ ግን ወባ የማይዘው የድሬ ሰው የለም፣ እንዳላያያዝኩት አሁንም ለራሴ እነግረዋለሁ። የሚያመው ቢፍቱን መሆኑ ብቻ በቃኝ። ማን፣ ለማን፣ የት፣ መቼ፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልጎደለውም። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ከረሜላ እንደያዘ ልጅ ጉንጬ ውስጥ ይዤው ዋልኩ።

ዓርብ መብራት ጠፍቶ ነበር። ነፋስ ስላልነበረ ጭሱ ሁላችንም ላይ ተኝቷል፣ ፋኖሱም በጭሱ ውስጥ የደከመ ይመስላል። ቢፍቱ እንደ ልማዷ ከፋኖሱ አጠገብ ናት። ሁለት ልጆች ቃላቸውን ተናገሩ፣ አንዱ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

«መርዶ» አልኩ።

የአባባ ደምሴ እጅ ፋኖሱ ላይ ቀረ። «ዛሬ ይቅርብሽ» አሉ። «ተቀመጪ።»

ይህን አላሉኝም ነበር እስከዚያ ቀን፤ ሁሌም የሚሉኝ «ሙሉውን ንገሪኝ» ነው። «ሙሉ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ፤ «የዕድሩ ሊቀመንበር ለእናቴ፣ እኛ ቤት፣ ‹የብርቄ ባል መርዶ እሑድ ሲነጋጋ ይነገራታል› አሉ።»

ፋኖሱን ወደ ቀይ አዞሩት። የሁላችንም ፊት ቀላ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። ከልጆቹ መሐል ትርጉሙን የሚያውቅ አልነበረም። ቢፍቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«የኔ አባት?» አለች። «መርዶ ምንድን ነው?»

በዚያ ዛፍ ሥር ከአባባ ደምሴ ትርጉም ተጠይቆ ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። ዓይናቸው ከቢፍቱ ፊት ወደ ብርቄ ደጃፍ፣ ከብርቄ ደጃፍ ወደ ቢፍቱ ፊት ሲመላለስ አየሁ። እኔንም አዩኝ፣ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከሩቅ ቦታ፣ ስለ አንድ ሰው የሚመጣ ዜና ነው» አሉ።

ውሸት አልነበረም። ግማሹ ነበር።

ሌላውን ግማሽ ቢፍቱ ራሷ ሞላችው። «አባኮ» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው፣ ደስ ሲላት አማርኛው ይጠፋታል። «አባኮ ሊመጣ ነው።» ተነስታ ወደ እኔ መጣችና ጉንጬን ሳመችኝ። የምሥራች ያመጣ ሰው ስጦታ እንደሚሰጠው ታውቃለች፤ የምትሰጠኝ ነገር ስላልነበራት «ዛሬ አንቺ እዚያ ተቀመጪ» ብላ ወደ ፋኖሱ ገፋ አደረገችኝና ወደ ቤታቸው ሮጠች።

እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው። የሽማግሌውን ፊት ካየሁ በኋላ ቃሉ ገብቶኝ ነበር፤ ሳትሮጥ እጇን ያዝ ባደርጋት ይበቃ ነበር። ቦታው እርሷ ስለተቀመጠችበት ሞቅ ብሏል። ጭሱም እንደሌላው ቦታ አይከብድም።

«ቢፍቱ፣ ተመለሺ» አሉ አባባ ደምሴ። ከበርጩማቸው ሲነሱ የታመመው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ግንዱን ተደግፈው ፋኖሱን ከነቀዩ ወደ ላይ አንስተው አወዛወዙት፣ ያኔ ጣቢያ ላይ ባቡር ሲያስቆሙ እንደሚያደርጉት። ቢፍቱ ዞራ አላየችም። በየምንጣፉ ላይ የነበረው ትልቅ ሰው ነገሩን ሳይረዳ እርሷ ደጃፋቸው ደርሳለች።

«አዮ» አለች፤ እናቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «አዮ፣ እሑድ ጠዋት የአባቴ መርዶ አለ።» እየሳቀች ነበር፣ መልእክቱን እንደ ሰማችው በአማርኛ የተናገረችው። በዚያ ዓመት የተናገረችው ከሁሉ የተስተካከለ አማርኛ ይህ ነበር፣ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ብርቄ አማርኛ የተማረችው ቀፊራ ነው፣ ቀፊራ ደግሞ ይህንን ቃል ሳያስተምር የሚለቀው ሰው የለም።

መጀመሪያ ብረት ድስት ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ብርቄ ጮኸች። ቢፍቱ የእናቷን ጩኸት የደስታ መስሏት አብራ እልል አለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን ጀምራ አቆመችው።

በእኛ ወግ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሰው እንቅልፉን አግኝቶ፣ ቀን ከፊቱ ሲኖረው፣ ሲነጋጋ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሴቶች የምትወድቀውን ለመደገፍ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ለብርቄ ግን በጨለማ፣ ምድጃዋ ሥር፣ ብቻዋን፣ ከገዛ ልጇ አፍ፣ በሳቅ ተነገራት። ሴቶቹ ሮጠው ሲደርሱ ድስቱ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሎ ነበር፤ ጠባሳውን ዕድሜ ልኳን በክርኗ ላይ ይዛው ኖረች።

እናቴ መጥታ ከፋኖሱ አጠገብ በጆሮዬ ጎትታ ስታነሳኝ አባባ ደምሴ «ልቀቂያት» አሉ። «ልጅቷ የሰማችውን ነው ያመጣችው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሩ መርዶ ሊያረዳ ሲሄድ አባባ ደምሴን ይዞ ሄዶ አያውቅም፤ አፋቸው ላልቷል፣ እርጅና ነው ተባለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ስንቱን ባቡር በሰላም ያሳለፉ ሰው እንዲህ ሲባሉ እሰማ ነበር፣ ምንም አልተናገርኩም። ዛፉ ሥር ፋኖስ በርቶ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በኋላ እርሳቸውም ሞቱ፤ ፋኖሱን ልጃቸው ወስዶ ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ያኔ በአባቷ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቢፍቱ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ አየኋት። ፀጉሯን ላጭተዋታል። አጠገቧ ስቀመጥ ፊቷን ሳታዞር፣ «አውቀሽ ነበር?» አለችኝ።

«ቃሉን አላውቀውም ነበር» አልኳት።

ይህም ግማሽ ነበር። እርሷ ግማሽ መሆኑን አውቃለች፤ ሙሉ መልእክት ምን እንደሚመስል ከማናችንም በላይ ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አብረን ተማርን፣ በአንድ ግቢ አደግን፣ ሰላም ተባባልን፤ ተጣልተን አናውቅም፣ ጓደኞችም አልነበርንም።

ዛሬ መርዶ የሚሄደው በስልክ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጫማውን ሳያስር የሟቹ ፎቶ ሻማ ተደርጎበት ከእጅ እጅ ይዞራል። ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ስልካቸው ላይ አንብበው ባንኮኒው ሥር የሚቀመጡ ሰዎችን ዓይቻለሁ። ታዲያ ባለፈው ዓመት ብርቄ ድንገት ታማ፣ ለቢፍቱ ገና ሳይነገራት፣ ሆስፒታል በገባች ማግስት ስትሞት፣ ሊቀመንበሩ፣ አሁን እጅግ አርጅተዋል፣ «በስልክ አይሆንም፣ በወጉ ይነገራት» አሉ። ቢፍቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የምትኖረው እዚያው አቅራቢያ በተከራየችው ክፍል ነው፤ እስኪነጋ ምንም እንዳትሰማ አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች አስጠነቀቁ። ወደ እኔም ዞረው «አንቺ የልጅነት ጓደኛዋ ነሽ፣ አብረሽን ነይ» አሉኝ። አይደለሁም አላልኩም፤ እሺ አልኳቸው።

ሲነጋጋ በሁለት ባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አባባ ደምሴን አስብ ነበር። ከእርሳቸው ስንት ቃል ተማርኩ፤ አሻጥርንም ጡርንም አልረሳሁም፣ የተረቶቹ አህያና ጉድጓድ ሁሉ እንዳለ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያላስተማሩኝ ነው፣ እኔው ራሴ ይዤው የሄድኩት። ቃል የሚገድለው ትርጉሙን ሳናውቅ ስንናገረው ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ሳላውቀው አይደለም የተናገርኩት።

በሩን ሳናንኳኳ ቢፍቱ ራሷ ከፈተችው፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን ይዛለች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰባት ሰዎች በዚያ ሰዓት በሯ ላይ ስታይ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቢፍቱ ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ…» ብለው ሊቀመንበሩ ጀመሩ። እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። የምታየው እኔን ነበር።

«እሷ ትንገረኝ» አለች። «ሙሉውን።»

ሴቶቹ ሊደግፏት ግራና ቀኝ ተጠጉ። ሊቀመንበሩ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እናትሽ ብርቄ» አልኩ፣ «ትናንት ማታ፣ ሆስፒታል፣ ሞተች።»

ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው። አልወደቀችም። «የዚያን ጊዜውንስ?» አለች።

እዚያ ከቆሙት ውስጥ ከሁለታችን በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

«ያን ዓርብ» አልኳት፣ «ቃሉ እንደሚያምሽ አውቄ ነበር። ስትሮጪም ትርጉሙ ገብቶኝ ነበር፤ እያወቅሁ ቦታሽ ላይ ተቀመጥኩ።»

«ተሟልቷል» አለች።

«ይለፍ» እንድትል ጠበቅሁ። ሴቶቹ ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት፣ ጩኸቷም ያኔ ተሰማ፤ እኔ ከደጅ ቀረሁ።